ከሮቢት ወጥቶ ጥርስ ለማሠራት

ጥርሱን ለሚያምመው ሰው መካሪ አይጠፋም። ጎረቤት ቅርንፉድ ነክሶ ማደርን ይመክራል። ጅዳ ያለች እህት በኢሞ ደውላ «እዚህ ያለው ሐኪም ሌላ ነው፤ ብሩን ለእኔ ተወው» ትላለች። አዲስ አበባ የሚኖረው የአጎት ልጅ ደግሞ ቲክቶክ ላይ ያየውን የነጫጭ ጥርስ ቪዲዮ ይልካል። ሁሉም የሚያወራው የት ጥሩ እንደሚሠራ ነው። ለሮቢት ሰው ግን ከዚያ የሚቀድም ጥያቄ አለ፦ የተሠራው ጥርስ ከሦስት ወር በኋላ ቢነቃነቅ ወይም ቢመግል፣ ተመልሰው የሚያንኳኩት የማንን በር ነው?

ይህ መመሪያ የተጻፈው ከዚህ ጥያቄ ተነሥቶ ነው። ሮቢት ስል ከወልድያ ወደ ቆቦ በሚወስደው አስፋልት ጎብዬን አልፎ ያለችውን የራያ ቆቦዋን ነው እንጂ የሸዋዋን አይደለም። (ሪፈር ሲጻፍልዎት «ሮቢት፣ ራያ ቆቦ ወረዳ፣ ሰሜን ወሎ» ተብሎ ይሞላ። አዲስ አበባ ውስጥ ሮቢት ሲባል ለብዙ ሰው ቀድሞ የሚታየው የሸዋው ነው።) ምክሩ ለሦስት ዓይነት ሰው ነው። አንደኛው ወደ ሕንድ፣ ዱባይ ወይም ቱርክ ለመሄድ ያሰበ ነው። ሁለተኛው ዐረብ አገር እየሠራ «እዚሁ ላሠራ ወይስ ለዕረፍት ስገባ አገሬ ላይ?» የሚል። ሦስተኛው አዲስ አበባ ድረስ ብቻ የሚጓዝ። ይኼኛው «ውጭ አገር» አይባልም ይሉኝ ይሆናል። አምስት መቶ ኪሎ ሜትር አልፎ፣ የማያውቀው ሐኪም ፊት አፉን ከፍቶ፣ በሳምንቱ ለሚመለስ ሰው ግን ችግሩ ያው ነው።

መንገድ የማይጠብቅ ሕመም

መጀመሪያ ሕመሙን ይለዩ። ፊት ያሳበጠ ጥርስ ቪዛ አይጠብቅም። እብጠቱ ከአገጭ በታች ወርዶ አንገት ከያዘ፣ ምላስን ወደ ላይ ከገፋ፣ ምራቅ መዋጥ ካስቸገረ፣ አፍ አልከፈት ካለ፣ ዓይን ከጋረደ፣ ወይም ትኩሳትና ብርድ ብርድ ማለት አብሮት ከመጣ፣ በዚያው ቀን ቆቦ ሆስፒታል መድረስ ያስፈልጋል፤ ከዚያ ካለፈም ወልድያ። ከምላስ ሥር የሚሰራጭ መግል የአየር መተላለፊያን ዘግቶ ሰው ይገድላል። ከፋርማሲ የተገዛ አሞክሲሲሊን ሕመሙን ለጥቂት ቀን ያስታግስ ይሆናል እንጂ የታሰረውን መግል አያወጣም። መግሉ የሚወጣው ሐኪም ሲከፍተው፣ ጥርሱ ሲነቀል ወይም ሥሩ ሲጸዳ ነው። አውሮፕላን ውስጥ ግፊቱ ሲለዋወጥ እንዲህ ያለ ጥርስ ስቃዩ ሊብስ ይችላል። ስለዚህ ውጭ ለመሄድ የቆረጠ ሰውም ኢንፌክሽኑን እዚሁ አስታክሞ ነው መነሣት ያለበት።

ጥርስ ለማስነቀል፣ ለማስሞላት ወይም ለማሳጠብ ባሕር መሻገር ብክነት ነው። ወልድያና ደሴ ይበቃሉ። በ2014 ዓ.ም. ጦርነት የወልድያና የደሴ ሆስፒታሎች መዘረፋቸውን ለሮቢት ሰው መንገር አያስፈልግም። የጥርስ ወንበርና የራጅ መሣሪያ ደግሞ ቶሎ የማይተካ ዕቃ ነው። ስለዚህ ከመሳፈርዎ በፊት ሰው ልከው ወይም ደውለው ሦስት ነገር ያረጋግጡ፦ የጥርስ ክፍሉ በዚያ ቀን ይሠራል? ራጅ አለ? ማደንዘዣ አለ?

ሁለት ሳምንት አልፎት ያልዳነ የአፍ ቁስል፣ የማይለቅ ነጭ ወይም ቀይ ምልክት፣ እያደገ የሚሄድ የመንጋጋ እብጠት ካለዎት ጉዳዩ ጥርስ የማሳመር አይደለም። ናሙና ተወስዶ መመርመር አለበት። የመንጋጋና የፊት ቀዶ ሕክምና አዲስ አበባ በየካቲት 12 እና በቅዱስ ጳውሎስ ሆስፒታሎች ይሰጣል። ሪፈሩን ወደዚያ ያስጽፉ፤ የደላላ ስልክ አያንሡ።

ከሰውየው በፊት ወረቀቱ ይሂድ

ሕመሙ አጣዳፊ ካልሆነና የቀረው የጎደለ ጥርስ መተካት፣ የተሰበረ መሸፈን ወይም ጥርስ ማስተካከል ከሆነ ጊዜ አለዎት። ያንን ጊዜ ቦታ በመምረጥ አይጀምሩት። መጀመሪያ ደሴ ወይም አዲስ አበባ ከአንድ ሐኪም ዘንድ ገብተው ይመርመሩ፣ ሁሉንም ጥርስ ባንዴ የሚያሳየውን ፓኖራሚክ ራጅ ይነሡ፣ የሚያስፈልግዎትንም በጽሑፍ ይውሰዱ። ይህ ሐኪም ሥራውን ባይሠራልዎትም የሚከፍሉት የምርመራ ገንዘብ ከሁሉም ወጪ የተሻለው ነው፤ ሌላው ቀርቶ ውጭ ያለው ክሊኒክ «ሃያ ጥርስ እንሸፍን» ሲልዎት የአገርዎ ሐኪም ሦስት ብቻ ማለቱን ያውቃሉ። የራጁን ፋይል ራሱን በፍላሽ ወይም በቴሌግራም ይጠይቁ። ፊልሙን መስኮት ላይ ለጥፈው በስልክ ያነሡት ፎቶ ለሩቅ ሐኪም ብዙም አይረባም።

ዕቅዱ ላይ ጥርሶቹ በቁጥር ይጻፉ፣ የቁጥሩም ዓይነት ይገለጽ። እዚህ ላይ ጥቂት መቆየት ያስፈልጋል። በእኛ አገርና በአብዛኛው ዓለም ጥርስ በሁለት አኃዝ ይጠራል፦ የመጀመሪያው የአፍን ሩብ፣ ሁለተኛው ከመካከል ወደ ኋላ ሲቆጠር ያለበትን ተራ ያመለክታል። 36 ማለት የታችኛው ግራ የመጀመሪያው ትልቅ መንጋጋ ነው። አሜሪካኖች ግን ከ1 እስከ 32 በተከታታይ ስለሚቆጥሩ ያንኑ ጥርስ 19 ይሉታል። «11» የሚል ወረቀት በአንዱ አቆጣጠር የላይኛው ቀኝ የፊት ጥርስ ነው፤ በሌላው የላይኛው ግራ የውሻ ጥርስ ይሆናል። የሚነቀል ጥርስ ካለዎት ከቁጥሩ ጎን በአማርኛም በእንግሊዝኛም «ታች፣ ግራ፣ የመጀመሪያው መንጋጋ» ተብሎ ይጻፍ። ወንበሩ ላይ ሲቀመጡም በጣትዎ ያሳዩ።

በሌላ ገጽ ስለ ጤናዎ ይጻፉ፦ ስኳር፣ ደም ግፊት፣ አስም፣ እርግዝና፣ የጉበት በሽታ፣ ፔኒሲሊን የማይስማማዎት መሆኑ፣ የሚወስዱት መድኃኒት ሁሉ ከነመጠኑ። በተለይ ሦስት ነገሮች አይዘለሉ። እንደ ዋርፋሪንና አስፒሪን ያሉ ደም የሚያቀጥኑ መድኃኒቶች አንዱ ናቸው (ሐኪም ሳያማክሩ በራስዎ አያቁሟቸው)። ለአጥንት መሳሳት የሚሰጡት እንደ አለንድሮኔት ያሉት ሁለተኛው ናቸው፤ ከመነቀል በኋላ መንጋጋ እንዳይድን ሊያደርጉ ይችላሉ። ሦስተኛው የልብ በሽታ ነው። አገራችን ውስጥ በልጅነት የጉሮሮ ሕመም ሰበብ የልብ መዝጊያ (ቫልቭ) የተጎዳበት ሰው ብዙ ነው። በተለይ ሰው ሠራሽ የልብ መዝጊያ የገባለት ሰው ጥርስ ከመነቀሉ በፊት ፀረ ባክቴሪያ መውሰድ አለበት። ይህን የውጭ ሐኪም ካልጠየቀዎት እርስዎ ይንገሩት።

የራያና የወሎ ሰው የሚጨምራቸው ሁለት ነገሮችም አሉ። ድድዎን የተነቀሱ ከሆነ ያስጽፉ። እኛ ዘንድ ውበት የሆነው ጥቁር ድድ እዚያ ላለው ሐኪም እንግዳ ነው፤ በሽታ መስሎት ናሙና እስከ መውሰድ ሊደርስ ይችላል። በሕፃንነትዎ ግግ ወጥቶልዎት ከሆነም ይናገሩ። ያኔ ድዱ ተፍቆ የወጣው የጥርስ እንቡጥ ስለሆነ፣ ዛሬ የውሻ ጥርሱ ጨርሶ ያልበቀለበት ወይም ተጣሞ የበቀለበት ሰው አለ። ሐኪሙ ይህን ካላወቀ ያልነበረ ጥርስ ራጅ ላይ ሲፈልግ ይውላል።

ቀኑን መቁጠር

ክሊኒክ ዋጋ ሲነግርዎት እርስዎ ቀን ይጠይቁ። «ስንት ጊዜ ነው የምመጣው? በመካከሉ ስንት ቀን ወይም ስንት ወር አለ?» የአብዛኛው ስሕተት ምንጭ ይህን አለመጠየቅ ነው። የጥርስ ሥራ ገዝተው ይዘውት የሚገቡት ዕቃ አይደለም፤ ይስተካከላል፣ ይለካል፣ ይታያል፣ እንደገና ይታያል።

ኢምፕላንትን እንውሰድ። መንጋጋ አጥንት ውስጥ የሚቀበረው የታይታኒየም ብሎን አጥንቱ እስኪይዘው በአብዛኛው ከ3 እስከ 6 ወር ይፈልጋል፤ ከዚያ በኋላ ነው ጥርሱ የሚገጠምበት። ስዊድናዊው ፔር-ኢንግቫር ብሮኔማርክ በ1965 እ.ኤ.አ. ለመጀመሪያው ታካሚ ከገጠመ ወዲህ ዕቃው ብዙ ተሻሽሏል። የሰው አጥንት ግን ለአየር መንገድ ፕሮግራም ብሎ አይፈጥንም። ባንድ ቀን ብሎኑንም ጥርሱንም የሚገጥሙበት አሠራር መኖሩ እውነት ነው። አጥንቱ ጠንካራ ለሆነና በደንብ ለተመረጠ ታካሚ ይሠራል፤ ማስታወቂያ ላይ «በአምስት ቀን ሙሉ አፍ» ተብሎ ለሁሉም የሚሸጥ ነገር ግን አይደለም። ያ ጊዜያዊ ጥርስም በኋላ በቋሚው መተካት አለበት። የጎደለ አጥንት መሙላት ካስፈለገ ወራቱ ይጨምራሉ።

ገበሬ ከሆኑ ይህ እንደሚመስለው አስቸጋሪ አይደለም። ማሽላው ተወቅቶ ጎተራ ከገባ በኋላ በጥር ብሎኑን ያስቀብሩ፤ ግንቦት ላይ ክረምቱ ሳይገባ ጥርሱን ያስገጥሙ። በመካከሉ አራት ወር አለ። አዲስ አበባ ከሆነ ሁለት ጉዞ ይቻላል። ሕንድ ወይም ኢስታንቡል ከሆነ ሁለት የአውሮፕላን ቲኬት፣ ሁለት ቪዛ፣ ሁለት ጊዜ ማረፊያ ማለት ነው። «ርካሽ» የተባለው ዋጋ ላይ ይህን ደምረው ያወዳድሩ። ሳዑዲ ሆነው በሁለት ዓመት አንዴ የሚገቡ ከሆነ ደግሞ በአንድ ዕረፍት ኢምፕላንት ጀምሮ መጨረስ አይሆንልዎትም። ወይ ሁለቱንም እዚያው ያሠሩ፣ ወይ አገር ላይ ያስቀበሩትን ጥርስ የሚገጥምልዎት ሐኪም እዚያ መኖሩን አስቀድመው ያረጋግጡ።

ለማስተካከያ ሽቦ ሩቅ አገር አይሂዱ። ሥራው አንድ ዓመት ተኩል፣ ሁለት ዓመት፣ አንዳንዴም ከዚያ በላይ ይፈጃል፤ በየወሩ ወይም በየስድስት ሳምንቱ መጠበቅ አለበት። የሚያስገጥሙት በየወሩ ሊደርሱበት የሚችሉበት ቦታ ብቻ ነው፤ ከሮቢት አንጻር ይህ ደሴን ወይም ከዚያ የቀረበን ማለት ነው፤ ባለሙያው እዚያ ካለ። መንገዱ አንዳንዴ ለሳምንታት በሚዘጋበት በዚህ ጊዜ ለልጅዎ አዲስ አበባ ሽቦ ማስገጠም አፉ ውስጥ የማይቆጣጠሩት ጉልበት ትቶ መመለስ ነው። ሰው ሠራሽ ወላቂ ጥርስም እንዲሁ ቅርብ ይሁን። የመጀመሪያው ወር ድድ ይልጣል፣ መሞረድ ይፈልጋል።

የሥር ሕክምና (ብዙ ሰው «ነርቭ ማስገደል» የሚለው) ከአንድ እስከ ሦስት ቀጠሮ ይወስዳል። የኋላ መንጋጋ ከሆነ ከዚያ በኋላ ክራውን (የጥርስ ሽፋን) ካልተደረገለት የመሰንጠቅ ዕድሉ ከፍተኛ ነው። ለሁለቱ አንድ ላይ ሁለት ሳምንት ይያዙ። ጊዜያዊ ክራውን አድርገው ከወጡ ቆሎና የማሽላ እሸት በዚያ በኩል አይሞከርም። ከተነቀሉ በኋላ ደግሞ በማግሥቱ አይብረሩ። ጉድጓዱ ደርቆ የሚመጣው ኃይለኛ ሕመም ብዙውን ጊዜ የሚነሣው ከሁለተኛው እስከ አራተኛው ቀን ነውና ሳምንት ያህል እዚያው ይቆዩ። የላይኛው የኋላ ጥርስ ሲነቀል ከአፍንጫ ጎን ያለው ክፍተት ከተነካ ሐኪሙ ፈቃድ እስኪሰጥ አውሮፕላንም ኃይለኛ መናፈጥም የለም።

የት አገር፣ ማን ዘንድ

የእኔ ሐሳብ ግልጽ ነው፦ አዲስ አበባ የሚሠራ ነገር ካለ አዲስ አበባ ይሠራ። ከኮምቦልቻ አውሮፕላን አለ፣ ቋንቋው የራስዎ ነው፣ ቢከፋም ተመልሰው መግባት ይችላሉ። አሜሪካ የሚኖሩ ወገኖቻችን ለጥርስ ሲሉ አዲስ አበባ የሚመጡት ያለ ምክንያት አይደለም፤ እዚያ ለአረጋውያን የቆመው የሜዲኬር መድን እንኳ መደበኛውን የጥርስ ሕክምና በአብዛኛው አይሸፍንም። የጥርስ ሐኪሞችን የሚያሠለጥኑ እንደ ጎንደር ያሉ ዩኒቨርሲቲዎች አሉን። እጥረቱ የሚታየው በዕቃና በስፔሻሊስት ላይ ነው።

የትም ይሁን የት የሚያጣሩት የክሊኒኩን ስም ሳይሆን የሐኪሙን ሙሉ ስም ነው። አገራችን ውስጥ የሙያ ፈቃዱን ግድግዳ ላይ ይፈልጉ፣ የሚታደስበት ቀን አለማለፉን ይዩ፣ ጥርስ ሐኪም ወይስ ቴራፒስት መሆኑን ያንብቡ። ቴራፒስት ለሙሌትና ለመንቀል ጥሩ ባለሙያ ነው፤ ኢምፕላንት ግን ሥራው አይደለም። የክሊኒኩን ፈቃድ አዲስ አበባ ውስጥ የከተማው የምግብና መድኃኒት ባለሥልጣን፣ ክልል ላይ ጤና ቢሮው ያውቀዋል። ሻንጣ ይዞ ከከተማ ከተማ እየዞረ «ወርቅ ጥርስ እሰካለሁ፣ ሽቦ አስራለሁ» የሚለውን ሰው ፈቃድ መጠየቅ እንኳ አያስፈልግም።

ሕንድ የሚሄድ የእኛ ሰው አብዛኛውን ጊዜ ለልብ፣ ለኩላሊት ወይም ለካንሰር ነው። ጥርሱን የሚያሠራው አስታማሚው ነው፤ «እግረ መንገዴን» ብሎ። ክፉ ሐሳብ አይደለም፤ ግን ሙሌትና ክራውን ላይ ይቁም። አስታማሚ ታማሚው የሚመለስበትን ቀን አያዝበትም። ሐኪሙ የክፍለ ግዛቱ የጥርስ ምክር ቤት የመዝገብ ቁጥር ሊኖረው ይገባል፤ ይጠይቁት። ከኢትዮጵያ ለሚነሣ መንገደኛ ሕንድ ለመግባት የቢጫ ወባ ካርድ ግዴታ ነው። ክትባቱ የሚጸናው ከተወጉ ከ10 ቀን በኋላ ስለሆነ ካርዱን ለመጨረሻ ሳምንት አያስቀምጡት።

ቱርክ ላይ ጠንቀቅ ማለት ይገባል። አገሪቱ ጥሩ ሐኪሞች አሏት፤ የውጭ ታካሚ የሚቀበል ተቋምም ከጤና ሚኒስቴሯ የዓለም አቀፍ ጤና ቱሪዝም ፈቃድ ማውጣት አለበት። ችግሩ ቲክቶክ ላይ የሚሸጠው «ሙሉ ነጭ ፈገግታ» ነው። ብዙ ጊዜ ቬኒር ተብሎ ይሸጥና የሚሠራው ክራውን ይሆናል። ቬኒር ከጥርሱ ፊት ከአንድ ሚሊ ሜትር ያነሰ ስስ ሽፋን ብቻ ይፍቃል። ክራውን ግን ጥርሱን ዙሪያውን ሞርዶ ከሚታየው ክፍል ከግማሽ በላይ ሊወስድ ይችላል። የሃያ አምስት ዓመት ወጣት ጤነኛ ጥርሱን ሁሉ እንዲህ ካስሞረደ የተሞረደው አይመለስም፤ አንዳንዱ ነርቭ ይሞታል፣ ሽፋኑም በዕድሜው ውስጥ ደጋግሞ ይቀየራል። የእንግሊዝ የጥርስ ሐኪሞች ማኅበር ከዚያ ተመልሰው በሚመጡ ታካሚዎች ምክንያት ደጋግሞ ያስጠነቀቀው ይህንኑ ነው። እርስዎ የሚጠይቁት አንድ ጥያቄ ነው፦ «ከእያንዳንዱ ጥርሴ ስንት ሚሊ ሜትር ትወስዳላችሁ?» በጽሑፍ ካልመለሱ ይተዉት።

ዱባይ ከሆኑ የዱባይ ጤና ባለሥልጣን ፈቃድ ያላቸውን ሐኪሞች ስም ለሕዝብ ክፍት አድርጎ ይዟል፤ በስልክዎ ፈልገው ያግኙት። ሳዑዲ ውስጥ ባለሙያ የሚመዘገበው በጤና ሙያዎች ኮሚሽን ነው። ኢቃማ (የመኖሪያ ፈቃድ) የሌለው ወገን ክሊኒክ መግባት ስለሚፈራ፣ መኖሪያ ክፍል ውስጥ በርካሽ የሚነቅልና የሚሞላ ሰው ቢያገኝ ይሳባል። ፍርሃቱ ይገባኛል። መርፌው ግን ሄፓታይተስ ቢንና ኤችአይቪን ሊያስተላልፍ ይችላል፤ ሕመሙ ካልጠና ማስታገሻ ወስዶ ፈቃድ ያለው ቦታ እስኪገኝ መቆየቱ ይሻላል። እብጠትና ትኩሳት ካለ ግን ፍርሃቱን ወደ ጎን ብለው ድንገተኛ ክፍል ይግቡ።

ገንዘቡና ደላላው

በሽተኛ ወደ ውጭ የሚልኩ ወኪሎች አዲስ አበባ ውስጥ አሉ። አንዳንዶቹ ሥራቸውን አክብረው ይሠራሉ። ወኪል ከሆስፒታሉ ኮሚሽን እንደሚያገኝ ይወቁና በግልጽ ይጠይቁት፤ ሲጠየቅ የሚቆጣ ከሆነ መልሱን ሰጥቶዎታል። ከሐኪሙ ጋር ራሱ፣ አስተርጓሚ ይዘውም ቢሆን፣ በቪዲዮ ሳይነጋገሩ ገንዘብ አይላኩ።

ዋጋው ተሰባብሮ ይጻፍልዎት፦ ምርመራ፣ ራጅ፣ ብሎኑ፣ በብሎኑና በጥርሱ መካከል የሚገባው መያዣ፣ ጥርሱ፣ መድኃኒቱ፣ አጥንት መሙያ ካስፈለገ እሱ። «ኢምፕላንት ይህን ያህል» የሚለው ዋጋ ብዙ ጊዜ የብሎኑ ብቻ ሆኖ ይገኛል። ቀብድ ከተጠየቁ ለክሊኒኩ የባንክ ሒሳብ ይሁን እንጂ ለግለሰብ በሐዋላ አይሁን፤ ሥራው ባይሠራ እንዴት እንደሚመለስም ይጻፍ። «የዕድሜ ልክ ዋስትና» ሲሉዎት ዋስትናው ብሎኑን እንጂ የአውሮፕላኑን ቲኬት እንደማይመልስ ያስቡ። የውጭ ምንዛሪ ከባንክ የሚፈልጉ ከሆነ ባንኩ የሐኪም ማስረጃ ስለሚጠይቅ አስቀድመው ያናግሩት። ለውበት የሚሠራ ጥርስ እንዲህ ያለ ማስረጃ ማግኘቱ ያጠራጥራል።

እህትዎ ወይም ልጅዎ ከዐረብ አገር የሚከፍሉልዎት ከሆነ ደግሞ አንድ ነገር አብረው ይወስኑ፦ ከበጀቱ አንድ አራተኛ ያህሉ አይነካ፤ ለመመለሻ ጉዞና ለማስተካከያ ይቀመጥ። ወጪው ሁሉ በመጀመሪያው ቀን ካለቀ፣ ሲበላሽ እንደገና ለመጠየቅ አፍረው በሕመም የሚቀመጡት እርስዎ ነዎት።

ወንበሩ ላይ

የሚያበራ ወለልና ሻይ የሚያቀርብ እንግዳ ተቀባይ ስለ ንጽሕና ምንም አይነግሩዎትም። የሚያዩት መሣሪያው ከየት እንደወጣ ነው። የታሸገ ከረጢት ፊትዎ ላይ መቀደድ አለበት። ከረጢቱ ላይ በሙቀት ቀለሙ የሚቀየር ምልክት አለ፤ ተቀይሮ እንደሆነ ይዩ። መሣሪያ የሚጸዳው በእንፋሎት ግፊት በሚሠራው ኦቶክሌቭ ነው፦ በ121 ዲግሪ ቢያንስ 15 ደቂቃ፣ ወይም በ134 ዲግሪ ቢያንስ 3 ደቂቃ። በውኃ መቀቀልና በአልኮል መወልወል አይተካውም። የሚሽከረከረው መሞረጃ እጀታም ከአንድ በሽተኛ ወደ ሌላው ሳይጸዳ አይተላለፍም፤ ብዙ ቦታ የሚዘለለው እሱ ነው። መርፌውም የማደንዘዣው ብልቃጥም አዲስ መሆን አለባቸው። ከሌላ ሰው የተረፈ ማደንዘዣ ለእርስዎ ከተወጋ ይነሡና ይውጡ። ነውር አይደለም፤ ሽማግሌ ነኝ፣ እንግዳ ነኝ ብለው አይሸማቀቁ።

ከመጀመሩ በፊት የሚፈርሙት ወረቀት በማያነቡት ቋንቋ ከሆነ አይቸኩሉ። በስልክ ፎቶ አንሥተው ለሚያነብልዎት ሰው ይላኩ። ያልተነጋገሩበት ጥርስ «ይኼም ተበላሽቷል» ተብሎ ሊነካ ሲል ራጁን ያሳዩኝ ይበሉ፤ ማደንዘዣ ከተወጉ በኋላ የሚመጣ አዲስ ሐሳብ ለሌላ ቀን ይደር። ካልጸዳ መሣሪያ ከሚመጣው በሽታ ጉበትዎን ከአሁኑ ለመጠበቅም የሄፓታይተስ ቢ ክትባት አለ፤ በ0፣ በ1 እና በ6 ወር ሦስት ጊዜ ይሰጣል። የጉዞዎ ቀን ገና ሩቅ ከሆነ ጊዜው አለዎት።

ከመመለስዎ በፊት የሚይዙት

ያለ ወረቀት ክሊኒኩን አይልቀቁ። ከሁሉ በላይ የሚያስፈልገው የኢምፕላንቱ ካርድ ነው፦ የአምራቹ ስም፣ ሞዴሉ፣ ውፍረቱና ርዝመቱ፣ የምርት ቁጥሩ፣ የተቀበረበት ጥርስ። እያንዳንዱ አምራች የራሱ መፍቻ አለው፤ ስሙ ካልታወቀ ወልድያም አዲስ አበባም ያለ ሐኪም ቢላላ ሊያጠብቀው ይቸገራል። ከሁሉ የሚሻለው ግን ከመሄድዎ በፊት ነው፦ የውጭው ሐኪም የትኛውን አምራች እንደሚጠቀም ይጠይቁና ለመረመረዎት የአገርዎ ሐኪም ይንገሩት። «ይህን ዕቃ አናውቀውም» ካለ ሌላ ዓይነት እንዲጠቀሙ ይጠይቁ። በዚያው «ተመልሼ ብመጣ ትከታተለኛለህ?» ብለው ቃሉን ይቀበሉ። ሌላ ሐኪም የሠራውን ለመንካት የማይፈልግ ሐኪም ብዙ ነው፤ ይህን ቁስሉ ካበጠ በኋላ ማወቅ ክፉ ነው።

ከካርዱ ሌላ የመጨረሻውን ራጅ፣ የተሠራውን ዝርዝር፣ የተሰጠዎትን መድኃኒት ስምና ደረሰኙን ይያዙ። ሁሉንም ፎቶ አንሥተው ለአንድ የቤተሰብ ሰው ይላኩ፤ ስልክ ይጠፋል። በገቡ በአንድ ወር ውስጥ ሐኪምዎ ዘንድ ሄደው ይታዩ፣ ባያምም።

የተበላሸ ነገር ካለ መጀመሪያ ለሠራው ሐኪም በጽሑፍ፣ ከፎቶና ከራጅ ጋር ያሳውቁ። አገር ውስጥ ከሆነና ካልመለሰ አቤቱታው ፈቃዱን ለሰጠው አካል ይቀርባል፤ የባለሙያ ጥፋት የሚያይ የሥነ ምግባር ኮሚቴም አለ። ውጭ አገር ከሆነ ያው ለዚያ አገር ፈቃድ ሰጪ ይጻፋል። ከሮቢት ሆኖ ኢስታንቡል ወይም ደልሂ ላይ መክሰስ ግን በወረቀት ያለ፣ በተግባር የማይደረስበት መብት ነው። ገንዘቡን የከፈለችው እህትዎ ብትሆንም ደረሰኙ በእርስዎ በታካሚው ሙሉ ስም፣ ፓስፖርትዎ ላይ ባለው አጻጻፍ ይቆረጥ። ሌላ ስም ያለበት ደረሰኝ ይዞ ቅሬታ ማቅረብ ያስቸግራል።